የሾርትስቶፑ ጉልበት

እኛን «እንዴት ናችሁ?» ብሎ ጠይቆ እውነተኛ መልስ ያገኘ ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ በሁለት ክራንች የቆመውን ሰው «እንዴት ነህ?» ብትሉት «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላችኋል። ጄሶውን እያያችሁ «ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?» ስትሉት ደግሞ «አይ፣ ትንሽ ናት» ይላል። ትንሽ ማለት ሁለት ቦታ ተሰብሯል ማለት ነው። ፈረንጁም ቢሆን መንገድ ላይ ስታገኙት «ጉድ» ይላል፤ በእሱ ቋንቋ ደህና ነኝ ማለቱ ነው፣ በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ግን ፈረንጁ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሁሉንም ይናዘዛል። የኛ ሰው ሐኪሙንም «ደህና ነኝ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት?» ብሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ነፍሳቸውን ይማርና አጎቴ ድሬሰር ነበሩ። በሽተኛ ሲመጣ ቸኩለው አይጠይቁም። ክሊኒካቸው በር ላይ ሦስት ደረጃ ነበረች፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሰውየው እሷን እንዴት አድርጎ እንደሚወጣ ያያሉ። «የበሽተኛን አፍ አትጠይቅ፣ ደረጃውን ጠይቅ» ይሉኝ ነበር። ሌላም ሕግ ነበራቸው። አንዴ ደህና ነኝ ካለ ሰላምታ ነው፤ ሁለቴ ካለ ጨዋነት ነው፤ ሦስቴ ካለ መርፌውን ቀቅል።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ቤዝቦል ነው። አትሳቁ፣ እደርስበታለሁ።

ጊዜው ኢኮኖሚው የተንኮታኮተበት፣ እኛ ባለንበት፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው በካሮልተን ሳይቀር ባንክ የወሰዳቸው ቤቶች ደጃፍ ላይ ሣር ጉልበት ድረስ ያደገበት ጊዜ ነበር። እኔ የምሠራው የመኪና መለዋወጫ የሚከማችበት አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ነው። ሥራዬ ላይኛው ፎቅ ነበር፤ ሃያ ሁለት ደረጃ። ቁጥሩን የማውቀው አንድ በአንድ ስለማውቃቸው ነው፤ ዘጠነኛው ትንሽ ከፍ ይላል፣ አሥራ አራተኛው ላይ ጎማው ተነሥቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር እየተንቀጫቀጨ፣ ያንን ደረጃ በቀን አሥር ጊዜ እየወጣሁና እየወረድኩ፣ ማንም ሰው እንዳያውቅብኝ እጠነቀቅ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው ሎከሩን ባዶ አድርጎ ይሄዳል። የሚያነክስ ሰው ደግሞ ቀድሞ እንደሚሄድ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ጉልበቴን ለማሳየት ኢንሹራንስ ያስፈልገኛል፤ ለኢንሹራንሱ ሥራው ያስፈልገኛል፤ ለሥራው ጉልበቴ ያስፈልገኛል። ይህን ጭንቅ ብሎኝ እያሰብኩ ስነዳ ስንት ጊዜ ከአውራ ጎዳናው መውጫዬን አልፌ ሄጃለሁ መሰላችሁ።

ደግሞስ የእኛን ቋንቋ ጭካኔ እዩልኝ! ጉልበት ማለት እግርን የሚያጥፈው መጋጠሚያ ነው፤ ጉልበት ማለት ኃይልም ነው። የጉልበት ሠራተኛ የምንባለውም ለዚሁ ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁለቱን ለያይቶ ነው ያስቀመጣቸው፤ አንዱ «ኒ» አንዱ «ፓወር»። ፈረንጅ «ኒ»ውን ቢያመውም ፓወሩ የራሱ ነው። ሐበሻ ግን ጉልበቱን ካመመው ሁሉም ነገር አለቀለት። እኔ በዚያ ሕንፃ ውስጥ «ኒ» የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ስለ ሌላ ሰው እንኳ ቢሆን አልለውም፤ ቃሉን ከሰሙ ወደ እኔ የሚያዩ ይመስለኛል።

በመጋቢት አካባቢ ሰለሞን መጣብኝ። ሰለሞን በዲቪ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሣጥን እየተሸከመ በሩጫ ደረጃ የሚወጣ ጎረምሳ ነው። «ጋሽ ደርቤ፣ ፕሊስ፣ የቤዝቦል ፋንታሲ ሊግ ልንጀምር ነው፣ አንድ ቲም ጎደለብን» አለኝ። «ማለቴ ምንም አይጠበቅብዎትም፤ ጀስት ተራዎ ሲደርስ አንድ ተጫዋች ፒክ ያደርጋሉ፣ በቃ።»

ነገሩን እንዲህ ነው ያስረዳኝ። አሥር ሆነን በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ቡድን እናቋቁማለን። እውነተኞቹን ተጫዋቾች በየተራ እንካፈላቸዋለን። የደረሰኝ ተጫዋች በየትኛውም ከተማ ኳሱን ሲመታ ነጥቡ ለኔ ነው፤ እሱ ግን እኔ መኖሬንም አያውቅም። በነጥብ መጨረሻ የወጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ የብሬክ ሩሙን፣ የማረፊያ ክፍላችንን፣ ማይክሮዌቭ ያጸዳል። ገንዘብ የለበትም፣ ስለዚህ ኃጢአት አይደለም ብዬ እሺ አልኩ። እሺ ያልኩበት እውነተኛ ምክንያት ግን ሱፐርቫይዘራችን ዱዌይን ከአሥሩ አንዱ ስለነበረ ነው። ማን እንደሚቀር ማን እንደሚሄድ የሚጽፈው እሱ ነው። ከሚጽፍ ሰው ጋር መሳቅ አይከፋም።

ድራፍቱ ዕለት፣ ተጫዋቾቹን የምንካፈልበት ቀን ማለት ነው፣ ብሬክ ሩም ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ከበን ተቀመጥን። ቁርሱን በልቶ የመጣ የሚመስለውን ሰው ፎቶ እያየሁ ስመርጥ ቆየሁና ተራው የሾርትስቶፖች ሆነ። ለማታውቁ፣ ሾርትስቶፕ ማለት ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ቤዝ መሀል የሚቆመው፣ ቀኑን ሙሉ ሲጎነበስ፣ ሲወረወር፣ አፈር ላይ ሲንከባለል የሚውለው ሰው ነው። በጉልበቱ የሚያድር ሰው ነው በአጭሩ። ዱዌይን አንድ አንጋፋ ላይ ዓይኑን ጥሏል። ስሙን አልጠራውም፣ ባለ ቤተሰብ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሽማግሌው ነበር የሚሉት። ሠላሳ አምስት! እኛ ዘንድ እኮ በሠላሳ አምስት ዓመቱ እናቱ «ልጁ ገና አልበሰለም» ነው የምትለው። ባለፉት ዓመታት ጉዳት ላይ ጉዳት ሲደራረብበት ቆይቷል፣ አሁን ግን ድኖ ተመልሷል ተብሏል። ቪዲዮውን አሳዩን። ሰውየው ተወርውሮ ኳሷን ያዘ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ቀጥሎ ጋዜጠኛ ጠየቀው፤ ደህና ነኝ አለ፣ በጣም ደህና ነኝ አለ፣ እንደ ዛሬ ደህና ሆኜ አላውቅም አለ። ሦስት። አጎቴ ትዝ አሉኝ።

ከዚያ ማንም የማያየው ነገር መጣ። ሰውየው ወደ ተጫዋቾቹ መቀመጫ የምትወርደዋን ደረጃ ሲወርድ ብረቱን ያዘ፤ ግራውን አስቀደመ፣ ቀኙን ከጎኑ አመጣ፤ ግራውን አስቀደመ፣ ቀኙን አመጣ። ክው አልኩ። የራሴ አወራረድ ነው! ዘጠነኛው ደረጃ ላይ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ዱዌይን ሊመርጠው እጁን ሲያነሣ አፌ ቀደመኝ። ለሰውየው ክፉ አስቤ አልነበረም፣ ዱዌይን እንዳይከስር ብዬ ነው። «እሱ እኮ ጉልበት የለውም» ልል ፈልጌ፣ ያቺ የተረገመች ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረችና «ሂ ሃዝ ኖ ፓወር» አልኩ። አንዱ ቶሎ ብሎ ላፕቶፑ ላይ ጻፈ፣ አነበበ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ለካ በቤዝቦል ፓወር ማለት ኳስን አርቆ ከሜዳ የማስወጣት ችሎታ ኖሯል፤ የሰውየውም ከዓመት ዓመት ሲቀንስ የመጣው እሱ ኖሯል። «ትክክል ነው፣ ፓወሩ ሄዷል» አሉ። ዱዌይን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሌላ ሰው መረጠ። ዙሩ ሁሉ ሊያልቅ ሲቃረብም ሽማግሌውን የሚፈልገው ጠፋ።

ያኔ ጸጸት ገባኝ። የገዛ ወንድሜን አሳጣሁት፤ እኔን በዱዌይን ፊት እንዲህ ቢያሳጣኝ ምን እሆን ነበር? በመጨረሻው ዙር ተራዬ ሲደርስ፣ ሽማግሌው አሁንም እዚያው ስሙ ተንጠልጥሎ ነበር፤ መረጥኩት። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። «ለካ አሳጥቶ ሊወስደው ነው! ቀበሮ!» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ፎክስ ሆነ፤ በጉዳት ነገር ሊቅ ነኝ ተባለ። የማን ትከሻ ይሻለዋል፣ የማን ክርን አይድንም፣ ሁሉም እየመጣ ይጠይቀኛል። እኔም እያየሁ እናገራለሁ፤ አብዛኛውን አገኘዋለሁ። ያላወቁት ነገር ቢኖር መምህሬ ቀኝ እግሬ መሆኑን ነው።

እንዲህ ስል ጨዋታ ይመስላል፤ ሕይወቴ ግን ሲኦል ሆነ። ቀድሞ የምፈራው ለአንድ ጉልበት ነበር፣ አሁን ለሁለት ሆነ። ጠዋት ሻይ ሳልቀምስ ኮምፒውተር እከፍታለሁ፤ ሽማግሌው ትናንት ተጫውቷል ወይስ ጉዳተኞች ከሚሰፍሩበት ዝርዝር ገብቷል? እሱ በተወረወረ ቁጥር የምይዘው የራሴን ጉልበት ነው። እሱ እስካለ ድረስ እኔም እቆያለሁ የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገባ፤ ለምን እንደገባ እንጃ። አንድ ቀን ባለቤቴ አስካለ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ «ለማን ነው የምትጸልየው?» አለችኝ። «ለአንድ ባልደረባዬ፣ ጉልበቱን አሞት ነው» አልኳት። «እሱንስ ቪክስ ይቀባ በለው» አለች።

አስካለ ለኔ ጉልበት ያላት መድኃኒት ቪክስ ነው። ጠዋት ጠዋት አሽታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ነው የምትሸኘኝ። እሷም ፈርታለች፤ ግን ፍርሃቷን አትናገርም፣ ታሻለች እንጂ። በብርዱ ወራት ደህና ነበር፣ ጉንፋን ነው እላለሁ። በነሐሴ፣ በዚያ የዳላስ ፀሐይ አስፋልቱን ሲያቀልጠው ቪክስ እየሸተቱ መግባት ግን ማብራሪያ ይጠይቃል። ዱዌይን አጠገቤ ሲደርስ አፍንጫው ትንሽ ይነሣል። «ጉንፋን ነው» እለዋለሁ። «አሁንም?» ይለኛል። «የኢትዮጵያ ጉንፋን ነው፣ ይቆያል» አልኩት አንድ ቀን። አገሬን ማዋረዴ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በዚያው ሰሞን ኢቫሉዌሽን፣ የሠራተኛ ግምገማ፣ ሊጀመር ነው ተባለ። ከላይኛው ፎቅ የሚቀነስ ሰው አለ፤ ዱዌይን እያንዳንዳችንን አይቶ ይጽፋል። እንቅልፍ አጣሁ። ምግብ አልወርድልህ አለኝ። ከኢቫሉዌሽኑ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ባለው እሑድ ደግሞ የሽማግሌው ቡድን እዚሁ አቅራቢያችን አርሊንግተን ሊጫወት መጣና ዱዌይን ሊጉን በሙሉ ስታዲየም ጋበዘን። እቀራለሁ ብል ምን እላለሁ? ጉንፋኑ ተባባሰ? ቪክሱን ለአንድ ቀን ትቼ ሄድኩ።

መቀመጫችን ሰማዩ ሥር ነበር። ዱዌይን «ቅደም» አለኝና ከኋላዬ ሆነ። ከኋላዬ! እዚያ ፀሐይ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ደረጃ ከፊቴ ተዘርግቷል። አንድ አሥሩን እንደ ሰው ወጣሁ። ከዚያ የጫማዬን ማሰሪያ ላጠብቅ ጎንበስ አልኩ። ትንሽ ወጣሁና ደግሜ አጠበቅኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የሌለው መሆኑ ትዝ ያለኝ በሦስተኛው ነው። ዱዌይን ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን እየጠረገ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል።

ስንቀመጥ መነጽሩን፣ ያችን ሩቅ የምታሳየዋን፣ ዓይኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ አቀበለኝ። ሽማግሌው ወደ ሜዳ እየወጣ ነበር፤ ብረቱን ይዞ፣ ግራውን አስቀድሞ።

«አንተ ታውቃለህ» አለኝ ዱዌይን። «ይሄ ሰው ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። «በጣም ደህና ነው» አልኩ። አሁንም ያየኛል። «ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው!» አልኩና መቁጠሬን ያኔ ሰማሁት። ሦስት። አጎቴ ከመቃብር ሆነው መርፌውን ሲጥዱ ታየኝ።

ጨዋታው መሀል ላይ አንዲት ኳስ በስተግራው አፈትልካ ሄደች፤ ሽማግሌው ተወረወረ፣ ያዛት፣ አልተነሣም። ሐኪሞቹ ሲሮጡ እጁን እያወዛወዘ መለሳቸው፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ሄደና ተቀመጠ። በሁለት ሰው ተደግፎ ሲወጣ ዓይኔ እንባ ሞላ። እዚያ መሀል ጎልማሳ ሰው ለማያውቀው ሾርትስቶፕ ያለቅሳል ብላችሁ ልትስቁ ትችላላችሁ፤ ያለቀስኩት ለእሱ ብቻ እንዳልነበር ግን ገብቷችኋል።

«ኖ ፓወር» አለ ዱዌይን ቀስ ብሎ። አልሳቀም። ስንወርድ ደግሞ «ቀስ እንበል፣ እኔ ከፍታ ያዞረኛል፤ አጠገቤ ሁንልኝ» ብሎ ክንዴን ያዘ። ደስ አለኝ። ለካ ይህን የሚያህል ሰውም ፍርሃት አለው ብዬ አዘንኩለት፤ ደግፌው፣ ብረቱን ይዤ፣ አንድ በአንድ አወረድኩት።

ሰኞ ቢሮው ጠራኝ። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ለአስካለ የምነግራትን ሦስት ዓይነት አድርጌ አሰናዳሁ። ወረቀቱን ገልብጦ ነው ያስቀመጠው። «ፎክስ» አለኝ፣ «ጉዳትን ካንተ ቀድሞ የሚያይ ሰው አላገኘሁም። ከዛሬ ጀምሮ ታች ነህ። ሴፍቲ። ደረጃው ሥር ጠረጴዛ ይሰጥሃል። የሚያነክስ፣ ብረት የሚይዝ፣ ወገቡን የሚደግፍ ሰው ካየህ በየዓርቡ ጽፈህ ታመጣልኛለህ።»

ሥራዬም ኢንሹራንሴም ተረፉ። ደረጃውም ቀረልኝ። «ተመስገን» አልኩ፣ ወጣሁ፣ ከዚያ በሩ ላይ ገባኝ። እኔ፣ ሁለት ዓመት ያነከስኩት ሰው፣ የሚያነክሱትን ልመዘግብ ተሾምኩ። ብርቱካንማ ሰደሪያም ሰጡኝ።

የመጀመሪያው ዓርብ ደረሰ። ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ መነጽሬን ዝቅ አድርጌ ደረጃውን ሳይ ሰለሞን ሲወርድ አየሁት። ያ በሩጫ የሚወጣው ልጅ ብረቱን ይዟል። ግራውን አስቀድሞ ቀኙን ያመጣል። አሥራ አራተኛው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ዋጠ።

«ሰለሞን፣ እንዴት ነህ?»

«ይመስገን፣ ደህና ነኝ ጋሼ።»

«እውነት?»

«በጣም ደህና ነኝ፣ ኧረ ምንም አልሆንኩም፣ ኦኬ ነኝ ጋሼ!» አለና ዓይኑን ወረቀቴ ላይ ጣለ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የኔ ነበር። ሚስቱ ስምንት ወሯ ነው።

ብዕሩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ብጽፈው ሎከሩን ባዶ ያደርጋል፤ ባልጽፈው ጉልበቱን ይጨርሳል። በመጨረሻ በስሙ ትይዩ «ጉድ» ብዬ ጻፍኩ። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ዱዌይን ወረቀቱን አነበበ፤ ሰለሞን ስም ላይ ጣቱን አቆመ። «እርግጠኛ ነህ?»

«ደህና ነው» አልኩት።

«አንተም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር የምትለኝ» አለና ፈረመበት።

ወጥቼ ስሄድ ነው ነገሩ አንድ በአንድ የመጣልኝ። ዱዌይን እኮ ዌርሃውሱ ጣሪያ ሥር ያለው መሰላል ላይ በየቀኑ በአንድ እጁ ቡናውን ይዞ የሚወጣ ሰው ነው! ከፍታ ያዞረዋል? ያን ዕለት ደግፌ ያወረድኩት መስሎኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ሰለሞን ሣጥን ማሸጊያው ጋ፣ ወንበር ያለበት ቦታ ተመደበ። ማን እንዳዘዘ የነገረን የለም፣ የጠየቀም የለም።

ሽማግሌው ዓመቱን ሙሉ አልተመለሰም። «ጋሼ፣ ድሮፕ ያድርጉት እንጂ፣ በዜሮ ነው የተቀመጠው» እያለ ሰለሞን ለመነኝ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚለምነኝ። አልጣልኩትም። ስለዚህ የመጨረሻ ወጣሁና ማይክሮዌቩን የማጸዳው እኔ ነኝ፤ ደግነቱ ለማይክሮዌቭ ጉልበት አያስፈልግም። የእኔንም ጉልበት ሐኪም ሊያየው ቀጠሮ ይዣለሁ። አስካለ አብራኝ ልትገባ ነው፤ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልመለስ።

እናንተስ እንዴት ናችሁ? ተዉት፣ አትመልሱልኝ። ደረጃ ስትወርዱ አያችኋለሁ።